የሁለት ሀገር ገንዘብን በሀምበርገር ዋጋ ማወዳደር ያስኬዳል?

ሁለት ልብ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ካለ እንዲያስረዳኝ ነው የምጽፈው።

በሁለት የተለያዩ ሀገሮች ሁለት የሥራ ዕድል ቀርቦልኛል። የአንደኛው ደመወዝ በዶላር ሲመነዘር በወር 3,000 ይሆናል። የሁለተኛው 1,600 ነው። በወረቀት ሲታይ ያለቀ ምርጫ ይመስላል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን «የምንዛሪ ተመን ብቻ አይተህ አትወስን፣ ሁለተኛው ሀገር ኑሮው ርካሽ ነው፣ ገንዘቡም ከሚገባው በታች ነው የተተመነው» አለኝ። ማስረጃው ቢግ ማክ ኢንዴክስ የሚባለው ነገር ነው፤ የማክዶናልድስ ድርጅት ቢግ ማክ የሚባለውን ሀምበርገር ዋጋ በየሀገሩ የሚያወዳድር ስሌት ነው። በዚያ ስሌት የሁለተኛው ሀገር ገንዘብ ከዶላር አንጻር 40 በመቶ ዝቅ ብሏል ይላል። ከዚያም አልፎ «ስለዚህ ወደ ቦታው መመለሱ አይቀርም፣ ያጠራቀምከውን አሁኑኑ ወደዚያ ገንዘብ ቀይረው» እስከማለት ደርሷል።

አንድ ሳንድዊች ስለ አንድ ሀገር ገንዘብ እንዴት ሊነግረን ይችላል? ገንዘቡ ዝቅ ብሏል ሲባል የባንኩ ተመን ተሳስቷል ማለት ነው? እውነት ከሆነስ ሰው ሁሉ ገዝቶ ለምን አያተርፍበትም? ለደመወዙም ለቁጠባውም መልሱ ያስፈልገኛልና አደራ፣ ጠንከር ያለ መልስ ስጡኝ።

ሚዛን ያዥ፦

ወንድሜ፣ ባልደረባህ ስለ ኑሮው የነገረህ ልክ ነው። ስለ ቁጠባው የነገረህ ግን ገንዘብ ሊያሳጣህ ይችላል። ከስሌቱ ልጀምር።

ቢግ ማክ በዚያ ሀገር ገንዘብ 30 ይሸጣል እንበል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ 5 ዶላር። 30ን ለ5 ስታካፍል 6 ይመጣል። ሳንድዊቹ በሁለቱም ቦታ እኩል ዋጋ እንዲኖረው ከተፈለገ አንድ ዶላር በ6 መመንዘር ነበረበት ማለት ነው። ባንክ ስትጠይቅ ግን በ10 ነው። 6 ከ10 በ40 በመቶ ያንሳል። የባልደረባህ ቁጥር የመጣው ከእንዲህ ዓይነት ስሌት ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ይህን የጀመረው ዘ ኢኮኖሚስት መጽሔት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1986። ሀሳቡን ያመጣችው የመጽሔቱ ጸሐፊ ፓም ዉዳል ናት። ዓላማውም የምንዛሪ ንድፈ ሐሳብን ለአንባቢ ቀለል አድርጎ ማስረዳት ነበር። ሳንድዊቹ የተመረጠው በብዙ ሀገር በተቀራራቢ መንገድ ስለሚሠራ፣ ደግሞም ዳቦው፣ ሥጋው፣ አትክልቱ፣ የሠራተኛው ጉልበት፣ የቤቱ ኪራይና መብራቱ ሁሉ በአንድ ዋጋ ውስጥ ስለሚገቡ ነው። ንድፈ ሐሳቡ ራሱ ግን ከዚያ በጣም ይቀድማል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሀገሮች ገንዘባቸውን ከወርቅ ጋር ያሰረውን ሥርዓት ተዉት፣ ዋጋም በየሀገሩ በተለያየ ፍጥነት ናረ። ታዲያ አዲሱ ምንዛሪ በምን ይወሰን? ስዊድናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጉስታቭ ካሰል የዋጋዎችን ንጽጽር እንጠቀም አለ። ሀሳቡን የመግዛት አቅም እኩልነት ብሎ የሰየመውም እ.ኤ.አ. በ1918 ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «ለምን ሰው አያተርፍበትም» ላልከው፣ ሳንድዊቹን ከርካሹ ሀገር ገዝተህ ውዱ ሀገር ወስደህ መሸጥ አትችልም። መዳብ ቢሆን ይቻል ነበር፤ ለዚህ ነው የመዳብ ዋጋ በዓለም ላይ የሚቀራረበው። የሳንድዊቹ ዋጋ ትልቁ ክፍል ግን ድንበር የማይሻገር ነገር ነው፤ የአስተናጋጁ ደመወዝ፣ የቤቱ ኪራይ። ፀጉር መቆረጥን አስብ። ፀጉር አስተካካዩ በሀብታም ሀገርም በድሃ ሀገርም በአንድ ሰዓት የሚያስተናግደው ሰው ቁጥር ያው ነው። ሀብታሙ ሀገር ውስጥ ግን ፋብሪካውና የሶፍትዌር ድርጅቱ ምርታማ ስለሆኑ ትልቅ ደመወዝ ይከፍላሉ፣ ፀጉር ቤቱም ሠራተኛ እንዳይሸሽበት እነሱን ተከትሎ ደመወዝ መጨመር አለበት፣ ስለዚህ ያው ፀጉር መቆረጥ እዚያ ብዙ እጥፍ ይከፈልበታል። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንቱ ቤላ ባላሳና ፖል ሳሙኤልሰን እ.ኤ.አ. በ1964 ለየብቻ ያብራሩት ይህንን ነው። ከዚህ የተነሳ በድሃ ሀገር ዋጋ ዝቅ ብሎ መገኘቱ የሚጠበቅ ነገር ነው። ባንኩ ተሳስቶ አይደለም።

መጽሔቱም ይህን ስለሚያውቅ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የየሀገሩን የነፍስ ወከፍ ገቢ ያገናዘበ ሁለተኛ ስሌት አብሮ ያወጣል። ባልደረባህን «የትኛውን ነው ያየኸው?» ብለህ ጠይቀው። በሁለተኛው ስሌት ያ 40 በመቶ ወደ ዜሮ ሊጠጋ ይችላል።

ዋጋ ለቃሚ፦

ሚዛን ያዥ በደንብ አስረድቷል፤ እኔ የምጨምረው ከሥራው በኩል ነው። ለሀገሮች ንጽጽር የሚሆን የገበያ ዋጋ ስሰበስብ ነበር፣ እና በአንድ ዕቃ ብቻ መመዘን ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ሰው ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

አንድ ዕቃ በቀላሉ ይጠመዘዛል። አርጀንቲና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 አካባቢ ቢግ ማክ በዚያው ድርጅት ከሚሸጡት ከሌሎቹ ሀምበርገሮች በማይታመን ሁኔታ ርካሽ ሆኖ ተገኘ፤ መንግሥት የዋጋ ንረቱ እንዳይታይበት ጫና አድርጎ ነው የሚል ጥርጣሬም ተነሣ። ሕንድ ውስጥ ደግሞ የበሬ ሥጋ ያለው ቢግ ማክ ስለማይሸጥ የሚወዳደረው የዶሮ ሳንድዊች ነው። አይስላንድ ውስጥ ጭራሽ የለም፤ ከባንኮቹ ውድቀት በኋላ የሀገሪቱ ገንዘብ ሲወድቅ ከውጭ የሚገባው ግብአት ስለተወደደ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ዘግቶ ወጣ። አሜሪካ ውስጥ በሰሌዳ የምታየው ዋጋ የሽያጭ ታክስ የለበትም፣ በብዙ የአውሮፓ ሀገሮች ግን ተጨማሪ እሴት ታክሱ ውስጡ ነው። እነዚህን ሁሉ ሳታጠራ አንዱን ለሌላው ብታካፍል ውጤቱ ምን ያህል ይታመናል?

ትክክለኛው ሥራ የሚሠራው በብዙ መቶ ዕቃና አገልግሎት ነው። ዓለም አቀፍ የንጽጽር ፕሮግራም የሚባል አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 በተባበሩት መንግሥታትና በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ፣ አሁን የሚያስተባብረው ዓለም ባንክ ነው። የ2021 ዓመት ዋጋ የተሰበሰበበት ዙር 176 ሀገሮችንና ግዛቶችን ይዞ ውጤቱ በ2024 ወጣ።

ሥራው ሲወራ ቀላል ይመስላል። «የሩዝ ዋጋ» ብለህ ሄደህ አትመጣም። የሩዙ ዓይነት፣ የተሰበረው ስንት በመቶ ነው፣ የታሸገ ነው ወይስ በክፍት የሚሸጥ፣ ስንት ኪሎ፣ ከምን ዓይነት መደብር፣ ይህ ሁሉ በዝርዝር ይጻፋል። ከዚያ ደግሞ ትልቁ ፈተና ይመጣል። አንዱ ሀገር ሰው በየቀኑ የሚበላው ነገር ሌላው ሀገር ውስጥ ከአንድ ሁለት ልዩ ሱቅ በቀር አይገኝም፣ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። የግድ አንድ ዓይነት ዕቃ ላወዳድር ካልክ ሰው የማይበላውን ዋጋ ይዘህ ትመጣለህ። ሰው የሚበላውን ልያዝ ካልክ ደግሞ ዕቃዎቹ አንድ ዓይነት አይሆኑም። በሁለቱ መካከል ያለው ሽኩቻ መቼም አያልቅም፣ ጥሩ ስሌት የሚባለው ለሁለቱም ቦታ የሚሰጥ ነው።

ቤት ኪራይ ደግሞ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። ሁለት ክፍል ቤት ከሁለት ክፍል ቤት ጋር ብታወዳድር፣ አንደኛው ውሃና መብራት የማይቋረጥበት ሌላኛው በፈረቃ የሚያገኝ ቢሆን አንድ ዕቃ ናቸው? የመንግሥት ትምህርት ቤትና ሆስፒታልማ የገበያ ዋጋ ስለሌላቸው ብዙ ጊዜ የሚወዳደረው የመምህሩና የነርሷ ደመወዝ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ውጤቱ ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። በተቃራኒው ትልልቅ ውሳኔ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። ዓለም ባንክ የከፋ ድህነትን የሚለካበት መስመር፣ በ2025 በቀን 3 ዶላር የተባለው፣ የባንክ ምንዛሪ ዶላር አይደለም። በዚህ ስሌት የተስተካከለ ዶላር ነው። በየሀገሩ ያለው ሰው በዚያ ገንዘብ አሜሪካ ውስጥ 3 ዶላር የሚገዛውን ያህል ይገዛል ወይ ነው ጥያቄው። የዓለም የገንዘብ ድርጅትም የቻይና ኢኮኖሚ የአሜሪካን እ.ኤ.አ. በ2014 አለፈ ያለው በዚሁ ስሌት ነው፤ በገበያ ምንዛሪ ከሄድክ ግን አሜሪካ ዛሬም ትበልጣለች። ሁለቱም ቁጥር እውነት ነው። የሚመልሱት ጥያቄ ነው የተለያየው።

ሁለት ልብ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም ብዙ ነገር ገለጣችሁልኝ። ስለዚህ 40 በመቶ ዝቅ ማለቱ ገንዘቡ ሊወጣ ነው ማለት አይደለም? ቁጠባዬን ወደዚያ መቀየሩን ልተወው?

ሞጋች፦

እኔ ከላይ በተባለው ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ነገሩን አታቃልሉት። የመግዛት አቅም ስሌት ለዛሬ ለነገ ባይሠራም ለረጅም ጊዜ ይሠራል። በተለይ ሁለት ሀገሮች የዋጋ ግሽበታቸው በጣም ሲራራቅ።

አንድ ሀገር በዓመት 30 በመቶ ግሽበት አለው፣ ሌላው 3 በመቶ። ምንዛሪው ባለበት ይቆያል ብሎ የሚያስብ አለ? 1.30ን ለ1.03 ብታካፍል 1.26 ይመጣል። የውጭው ገንዘብ በዓመት ወደ 26 በመቶ ይወደዳል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ግምት ነው። መንግሥት ተመኑን ይዞ ሊያቆየው ይችላል፣ ዓመታትም ሊቆይ ይችላል፣ ግን ያዘ ማለት ጫናው ጠፋ ማለት አይደለም፣ ተጠራቅሞ አንድ ቀን ይፈነዳል። ስለዚህ ዋጋው ዛሬ የት እንዳለ ማወዳደሩን ትተን በየሀገሩ በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ ብናወዳድር የዕቃ ዋጋ ስለ ምንዛሪ ብዙ ይነግረናል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ኬኔት ሮጎፍ እ.ኤ.አ. በ1996 ነባር ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይ፣ ምንዛሪ ከዚህ ስሌት ሲርቅ የራቀበት ልዩነት በግማሽ ለመቀነስ ከ3 እስከ 5 ዓመት እንደሚፈጅበት ጽፏል። ቀርፋፋ ነው፣ ግን ይመለሳል።

ሚዛን ያዥ፦

ሞጋች፣ ስለ ግሽበቱ ያልከው ትክክል ነው፤ እንዲያውም ሁለት ልብ ሊያየው የሚገባው የመጀመሪያው ቁጥር እሱ ነው። ግን «ይመለሳል» ስንል በምን በኩል እንደሚመለስ ካልተናገርን ቆጣቢውን እናሳስተዋለን።

ወደ ምሳሌዬ ልመለስ። ሳንድዊቹ 30፣ ዶላሩ 10። ልዩነቱ የሚዘጋበት አንዱ መንገድ ምንዛሪው ከ10 ወደ 6 ሲወርድ ነው። ያኔ በዚያ ገንዘብ የቆጠበ ሰው አተረፈ። ሁለተኛው መንገድ ግን ምንዛሪው 10 ላይ እንዳለ ሳንድዊቹ ከ30 ወደ 50 ሲወጣ ነው። 50 ለ5 ሲካፈል 10። ልዩነቱ ተዘጋ፣ ኢንዴክሱም «አሁን ተመኑ ልክ ነው» ይላል። በዚያ ገንዘብ 1,000 የቆጠበው ሰው ግን ከዚህ በፊትም 100 ዶላር ነበረው፣ አሁንም ያው 100 ዶላር ነው ያለው፤ እዚያው ሀገር ልጠቀምበት ቢል ደግሞ የሚገዛለት ነገር ቀንሷል። ግሽበት ባለበት ሀገር የሚበዛው ይኸኛው መንገድ ነው፣ ከነጭራሹም የሀገሩ ገንዘብ ራሱ ከዶላር አንጻር እየወደቀ። ስለዚህ ወንድሜ፣ በዚህ ኢንዴክስ ብቻ ቁጠባህን አትንካ። የወለድ መጠኑን፣ የግሽበቱን ፍጥነት፣ ገንዘቡን ስትፈልግ መልሰህ መመንዘር መቻል አለመቻልህን ሳታይ «ዝቅ ብሏል» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይጨምርልህም።

ሒሳብ ሹም፦

ስለ ደመወዙ ማንም በዝርዝር ስላልመለሰለት እኔ ልሞክር።

ደመወዝህን በአንድ ቁጥር አትመንዝረው። ለሁለት ክፈለው። እዚያው ሀገር የምታወጣው ገንዘብ አለ፣ የሚተርፍህ አለ። የምታወጣው በዚያ ሀገር ዋጋ ነው የሚመዘነው። የሚተርፈውን ለቤተሰብ የምትልከው ወይም በሌላ ገንዘብ የምትቆጥበው ከሆነ ደግሞ በገበያ ምንዛሪ ነው የሚመዘነው፣ እዚያ ላይ የኑሮ መርከስ ምንም አያግዝህም። ሰው የሚሳሳተው ሁሉንም በአንዱ ብቻ ሲመዝን ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚገኙት የኑሮ ውድነት ማነጻጸሪያዎችም ብዙዎቹ ይህን አይለዩልህም።

ለምሳሌ ያህል፣ ቁጥሮቹ የእኔ ግምት ናቸው፣ አንተ በራስህ ተካቸው። በ3,000ው ሀገር ኪራይ 1,300፣ ምግብና የቤት ወጪ 500፣ ትራንስፖርት 150፣ የጤና መድንና ሌላ ሌላው 250። ድምሩ 2,200፣ የሚተርፍህ 800። በ1,600ው ሀገር ኪራይ 300፣ ምግብ 220፣ ትራንስፖርት 60፣ ሌላው 120። ድምሩ 700፣ የሚተርፍህ 900። ግማሽ የሚመስለው ደመወዝ የበለጠ አተረፈ። ኪራዩ 500 ቢሆን ደግሞ የሚተርፈው 700 ነው፣ ነገሩ ይገለበጣል። አየህ፣ ከሀምበርገሩ ይልቅ የምትኖርበት ሰፈር ኪራይ ነው ውሳኔውን የሚወስነው። ስለዚህ ዋጋ ስትጠይቅ ከኪራይ ጀምር፣ የአንድ ዓመት ቅድሚያ ክፍያ ይጠየቃል ወይ የሚለውንም ጭምር።

ሌላ የማትረሳው ነገር አለ። ርካሽ ኑሮ የሚባለው ሀገር ሁሉንም ነገር አያረክስም። ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ መኪና፣ የአውሮፕላን ትኬት በዓለም ዋጋ ነው የሚሄዱት። አንዳንድ ቦታ በታክስና በቀረጥ ምክንያት ከሀብታም ሀገርም ይብሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ የአውስትራሊያ ባንክ ክንፍ በቢግ ማክ ፈንታ የአይፖድን ዋጋ በየሀገሩ ሲያወዳድር በጣም ውድ ሆና የተገኘችው ብራዚል ናት። ኑሮህ በአገልግሎት የተሞላ ከሆነ፣ ማለትም ልጅ የሚጠብቅልህ፣ ምግብ የሚያበስልልህ፣ ቤት የሚጠግንልህ ሰው የምትቀጥር ከሆነ ርካሹ ሀገር በጣም ይጠቅምሃል። ገንዘብህ የሚሄደው በዕቃ ላይ ከሆነ ግን ያን ያህል አይደለም።

ምንዛሪ ውስጥ ጨርሶ ሳትገባ ማወዳደር ከፈለግህ በሥራ ሰዓት አስላው። የስዊዘርላንዱ ዩቢኤስ ባንክ የከተሞችን ዋጋና ገቢ በሚያወዳድርበት ጥናት አንድ ሠራተኛ አንድ ቢግ ማክ ለመግዛት ስንት ደቂቃ መሥራት አለበት ብሎ ያሰላ ነበር። ስዊዘርላንድን ውሰድ፤ በቢግ ማክ ኢንዴክስ ብዙ ጊዜ ከውዶቹ ሀገሮች ግንባር ቀደም ናት። ደመወዙም ከፍተኛ ስለሆነ ግን እዚያ የሚሠራው ሰው በደቂቃ ሲሰላ ብዙም አይከብደውም። የሚከብደው የሌላ ሀገር ደመወዝ ይዞ የሄደው ጎብኚ ነው። አንተም የወር ኪራይህ የስንት ቀን ሥራህ ነው ብለህ በሁለቱም ሀገር አስላና አስተያየው።

ሁለት ልብ፦

ይህ ነው የምፈልገው። ዛሬውኑ የኪራዩን ነገር ማጣራት ጀምሬያለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ በሁለተኛው ሀገር የባንኩና የመንገዱ (የጥቁር ገበያው) ምንዛሪ የተራራቀ ነው ይባላል። ስሌቱን በየትኛው ልሥራው?

ዋጋ ለቃሚ፦

ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ ቢግ ማክ ኢንዴክስም እዚህ ላይ ይንገዳገዳል። ሰው በባንኩ ተመን ዶላር ማግኘት ካልቻለ ተመኑ ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ነው። በባንኩ ስታሰላ ሳንድዊቹ ውድ ሆኖ ገንዘቡ «ከሚገባው በላይ» ይመስላል፣ በመንገዱ ስታሰላ ደግሞ ያው ሳንድዊች ያው ቀን ርካሽ ይሆናል። ሱቆቹን ስትጠይቅም የአንዱ አስመጪ ዋጋ በአንዱ ተመን የሌላው በሌላው ታስቦ ታገኘዋለህ። ለእዚያው ሀገር ወጪህ ምንዛሪ አያስፈልግህም፣ በሀገሩ ገንዘብ አስላና ጨርስ። ለሚተርፍህ ግን በሕጋዊ መንገድ በምን ተመን፣ በወር እስከ ስንት ማስተላለፍ እንደምትችል እወቅ። ካልተቻለ ያ 900 አንተ ዘንድ 900 አይደለም።

ሒሳብ ሹም፦

እህቴ ባለችው ላይ አንድ ነገር ብቻ። ደመወዝህ 1,600 ዶላር ተብሎ ነው የተጻፈው ወይስ በሀገሩ ገንዘብ 16,000 ተብሎ? በሀገሩ ገንዘብ ከሆነ ምንዛሪው ነገ 10 መሆኑ ቀርቶ 12.50 ቢገባ የሚተርፍህ 9,000 ከ900 ዶላር ወደ 720 ይወርዳል፣ ከውጭ የሚገባው ዕቃም እዚያው ወር መወደድ ይጀምራል፣ ደመወዝህ ግን እስኪስተካከል አንድ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ውሉን ሳትፈርም ክፍያው በየትኛው ገንዘብ እንደሆነ፣ ምንዛሪ ሲቀየር ደመወዙ በስንት ጊዜው እንደሚከለስ፣ የተነገረህ ቁጥርም ከታክስ በፊት ይሁን በኋላ በጽሑፍ አስቀምጥ። የ3,000ውንም እንዲሁ ጠይቅ፤ ከታክስ በፊት ከሆነ እላይ የሠራሁልህ 800 ጨርሶ ላይኖር ይችላል።